ፈቺው

በሰፈሩ ስሙን የሚጠራ የለም፤ «ፈቺው» ነው የሚሉት። አዲስ የገባ ተከራይ ይህን ሲሰማ «ስንት ሚስት ቢፈታ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ይስቁበታል። ሰውየው በዕድሜው ያገባው አንዲት ሴት ነው፣ እሷንም አልፈታም። የሚፈታው ዕቃ ነው። ካውያ፣ ራዲዮ፣ ጓጉንቸር፣ የሥጋ መፍጫ፣ ብቻ ብሎን ይኑረው እንጂ እሱ እጅ የገባ ነገር ሳይበተን አያድርም። ሚስቱ ደግሞ ፎቶ አንሺ ናት። እሱ ይፈታል፣ እሷ ታነሳለች። ጎረቤት ሲያያቸው «እንዲህ ነው እንጂ መገጣጠም!» ይላል። ከደጅ ሆነው ሲያዩት የማያምር ትዳር የለም።

በዚያ ሳምንት ግን ለመፍታት የቆረጠችው እሷ ነበረች፤ ልትፈታ ያሰበችውም ካውያ አልነበረም።

ሃያ አራት ዓመት እሱ በጥገና ቤቱ፣ እሷ በፎቶ ቤቷ ሲኖሩ ኖረው፣ ከአራት ወር በፊት አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ሁለቱንም በአንድ ሥራ ጠመዳቸው። ለተማሪዎች መጽሐፍ ይዘጋጃል። በመጽሐፉ ሠላሳ የቤት ዕቃ ይገባል። እያንዳንዱ ዕቃ ተፈትቶ፣ ከትልቁ ቀፎ ከብሎን ሥር እስከምትገባው ትንሽ ቀለበት፣ እስከ ሮንዴላ ድረስ በነጭ ሰሌዳ ላይ ተደርድሮ፣ ከላይ ወደ ታች ፎቶ ይነሳል። አደራደሩም ሕግ አለው፤ መጀመሪያ የወጣው ከግራ፣ መጨረሻ የወጣው ከቀኝ። ተማሪው ሊገጥመው ሲፈልግ ከቀኝ ወደ ግራ እያየ ይመልሰዋል። ፎቶው ከተነሳ በኋላ ፈቺው ያን ሁሉ ቁርጥራጭ ገጥሞ ዕቃው እንደሚሠራ ያሳያል። መጽሐፉን የሚያዘጋጀው መምህር በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ እየመጣ ፎቶውንም ዕቃውንም ይወስዳል። ሃያ ዘጠኙ አልቆ የቀረው አንድ አሮጌ የስፌት መኪና ብቻ ነበር።

ሳሎኑ ሳሎንነቱ ከቀረ ቆይቷል። ሶፋው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ቴሌቪዥኑ መኝታ ቤት ገብቷል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል። መሃል ላይ ነጩ ሰሌዳ በጡብ ላይ ተዘርግቷል። ከበላዩ፣ ጣሪያው ላይ በታሰረ የብረት ቧንቧ፣ ካሜራው አፉን ወደ መሬት ደፍቶ ተሰቅሏል። ግራና ቀኝ ሁለት መብራት አለ፤ ጥላ እንዳይጥሉ ስስ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። ከአጠገቡ መሰላል። እሷ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ግን በአሥር ዓመት ይበልጣታል። መሰላሉን በቀን ሃያ ጊዜ ትወጣለች፣ ሃያ ጊዜ ትወርዳለች። አንዲት ሞላ ተንከባለለች ብሎ መውረድ፣ አቃንቶ መውጣት፣ ደግሞ ሌላዋ ዞረች ብሎ መውረድ። ሰውነቷ ሲተኛ እግሯ ብቻውን መሰላል ሲወጣ ያድራል።

ካሜራውን ከመጫኗ በፊት ስም ጥሪ አለ። ፈቺው ሲፈታ በእርሳስ የጻፈውን ዝርዝር ይዞ ከታች ይቆማል፤ እሷ ከመሰላሉ ላይ በካሜራው ታያለች። «የጎን ክዳን» ይላል። «አለ» ትላለች። «ብሎን፣ አራት።» «አለ።» «ሞላ፣ አጭሯ።» «አለች።» ልክ እንደ ተማሪ ቤት ነው። አንድ የቀረ ካለ ፎቶ የለም። አንዴ የጃንጥላ ሞላ ጠፍታባቸው ቤቱን በማግኔትና በመጥረጊያ ሲያስሱ ከርመው፣ በሦስተኛው ቀን ከራሱ ከፈቺው ሱሪ እጥፋት ውስጥ ተገኘች። እውነቱን ለመናገር፣ ባልና ሚስት በቀን ውስጥ ከሚነጋገሩት ሁሉ ረጅሙ ይኸው ስም ጥሪ ነበር።

ምክንያቱም ሰውየው አይሰማም። ጆሮው ደህና ነው። በዋናው መንገድ የሚያልፍ ሞተር ሳይክል ድምፁን ሰምቶ የቱ ብሎኑ እንደላላ ይናገራል። ሚስቱ ስታወራ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ! ውሃ ይቆረጣል ብላ ትነግረዋለች፤ ሲቆረጥ «ምነው ሳትነግሪኝ?» ይላል። ልጃቸው ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ ከሄደች በኋላ ደግሞ ባሰ፤ ቤት ውስጥ የሚያወራው ራዲዮው ብቻ ሆነ፣ እሱም ካልተፈታ።

ይህን ሁሉ ችላው ነበር። ያልቻለችው የአምናውን ማክሰኞ ነው። የሐሞት ጠጠር ይዟት ቀዶ ጥገና ተቀጠረላት። ቀኑን ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ ቀን ነገረችው። ማክሰኞ ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። እሱ ራዲዮ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። «ሄድኩ» አለችው። ቀና ሳይል «ስትመለሺ ባትሪ ያዢ» አላት። ብቻዋን ሄደች። ነርሷ «የሚፈርም ቤተሰብ የለም?» ስትላት «እኔው እፈርማለሁ» ብላ ፈረመች። በማግሥቱ እያላበው መጣና «መቼ ነገርሽኝ?» አለ። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም፤ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ደረጃ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስታሽ ታላቅ እህቷ ደወለች። የእህቷ ስልክ ይቆራረጣል፣ አንድ ጆሮዋም ደከም ብሏል። ከእሷ ጋር ምስጢር ማውራት ለሰፈር አዋጅ እንደማስነገር ነው።

«እትዬ፣ ደክሞኛል» አለቻት።

«ምን?»

«ደክሞኛል! አልቻልኩም!»

«መሰላሉ ነው?»

«መሰላሉ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ሰውየው ነው እንጂ። ሃያ አራት ዓመት ለግድግዳ አወራሁ። ግድግዳስ ደህና፣ ቢያንስ አልሰማሁም ብሎ አይከራከርም። ሆስፒታል ብቻዬን የፈረምኩ ለት ማብቃት ነበረበት።»

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሥራ ጥዬ አልሄድም። ሠላሳኛውን ልጨርስ። የመጨረሻዋን ፎቶ ላንሳና ቅዳሜ እፈታዋለሁ።»

«ምን ታደርጊዋለሽ?»

«እፈታዋለሁ! እ-ፈ-ታ-ዋ-ለ-ሁ!»

ይህን ስትጮህ ባሏ ባልዲ ይዞ ከቤቱ ጥግ ብቅ አለ። ልቧ ድው አለ። እሱ ግን ቀና ብሎም አላያት፤ ቧንቧውን ከፍቶ ባልዲውን ሞላና ተመልሶ ገባ። «ይሄ ሰው ደግሞ መቼ ሰምቶ ያውቃል?» አለች በሆዷ፤ ልቧም ተመለሰ። እህቷ «በይ አልጋው ተነጥፏል፣ ነይ» ብላ ዘጋች። ራት ላይ እሱ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የዚያ መኪና ዘይቱ ደርቋል።»

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ፎቶ ቤቷ ዋለች። ጉርድ ፎቶ ለሚነሱ ሰዎች «አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ቀና» እያለች በመሃሉ የራሷን ዓረፍተ ነገር ትለማመዳለች። «ስማኝ፤ ሥራው አልቋል፣ እኔና አንተም አልቀናል።» ጥሩ ዓረፍተ ነገር መሰላት። ከዚያ «ስማኝ» የሚለው አሳቃትና አወጣችው። አልተናደደችም። መናደድ ጉልበት ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ያላትን ጉልበት ለመጨረሻው መሰላል ቆጥባዋለች። ሥራውን ጨርሶ፣ ለመምህሩ አስረክቦ፣ ቦርሳ አንስቶ መሄድ። ቦርሳው ተዘጋጅቶ አልጋ ሥር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሳሎኑ ስትገባ የስፌት መኪናው የለም። ማለት አለ፤ ግን ተበትኖ ሰሌዳውን ሞልቶታል። ልማዳቸው እንዲህ አልነበረም። ሲፈታ እሷ አጠገቡ ቆማ እያንዳንዱን ክፍል በጨርቅ ትጠርጋለች፣ በወረንጦ ታስቀምጣለች፤ አብረው ነው የሚደረድሩት። ዛሬ ሁሉም ነገር ተጠርጎ፣ ተወልውሎ፣ ጫፍ ለጫፍ ተስተካክሎ ተቀምጧል። ባሏ ከሰሌዳው ማዶ ቆሟል። ጥፍሩ ሥር አሮጌ ዘይት ገብቷል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ለእህትሽ ስትነግሪያት ሰማሁ» አለ።

እሷ ወደ ሰሌዳው አንድ እርምጃ ቀረበች።

«እፈታዋለሁ ስትዪ። የዚህ መኪና ብሎን የድሮ ነው፣ ዝገቱ እጅ ይልጣል። አንቺ ካቻቪቴ ይዘሽ ስትታገዪ ታየኝና… ደክሞሻል። ትላንት ማታ አንቺ ስትተኚ ጀመርኩት። ፈታሁልሽ።»

ክው አለች። ሃያ አራት ዓመት ስታወራ ያልሰማ ሰው አንዲት ቃል ሰማ፤ ያችንም ቃል ወስዶ ለብረት ሰጣት! ሳቅ መጣባት፣ ተከትሎትም ማልቀስ፤ ለሁለቱም አቅም አጣች። ምን ብላ ትጀምር? «መኪናውን አይደለም፣ አንተን ነው» ትበለው? ሌሊቱን ሳይተኛ፣ እጁ ተልጦ፣ እንደ ስጦታ ዘርግቶላት? አዘነችለት፤ ስላዘነችለትም በራሷ ተናደደች። እግሯ ግን የለመደውን አደረገ፤ መሰላሉን ወጣ።

ከላይ ሲያዩት ደግሞ ያምር ነበር። በአራት ወር ውስጥ እንዲህ አድርጎ አልደረደረም። ትልቁ ጎማ፣ ረጅሙ ዘንግ፣ ጥርስ ያላቸው ትናንሽ ጎማዎች እንደ አወጣጣቸው፣ ክር የሚጠቀለልባቸው ሽክርክሪቶች፣ ብሎኖቹ በሰልፍ። ዓይኗን ካሜራው ላይ ስታደርግ ለአንድ አፍታ ሌላውን ሁሉ ረሳችው። የመጨረሻው ፎቶ ነው። ከዚህ በኋላ በጣቷ መጫን ነው፣ ከዚያ መውረድ፣ ከዚያ መናገር።

«ጥራ» አለችው።

ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ ጀመረ። «የላይ ክዳን።» «አለ።» «የክዳን ብሎን፣ ሁለት።» «አለ።» «ትልቁ ጎማ።» «አለ።» ድምፁ ዛሬ ቀጠን ብሏል። ገጽ ገለጠ። «የክር መሳቢያ።» «አለ።» «የመርፌ ዘንግ።» «አለ።» «መርፌ።» «አለች።» «የእግር ማንሻ።»

አፏ «አለ» ሊል ከፍቶ ቆመ።

«ከመርፌው ቀጥሎ ምን አልክ?»

«የእግር ማንሻ።»

«መርፌዋን ምንድን ነው የሚይዛት?»

ደብተሩን ዘጋ። መርፌ ብቻዋን ቆማ አትሰፋም፤ ይህን ለማወቅ ፈቺ መሆን አያስፈልግም። መርፌዋን ዘንጉ ላይ ጨብጣ የምትይዝ አንዲት ብሎን አለች፤ ሰሌዳው ላይ የለችም፣ ዝርዝሩም ላይ ዘለላት። ይህ ሰው ሚስቱን ይረሳል እንጂ ብሎን አይረሳም።

«ሱሪህን እየው» አለችው፤ የጃንጥላውን ሞላ አስታውሳ።

«ሱሪዬ ውስጥ የለችም።»

ያኔ ቀኝ እጁን አየች። ከገባች ጀምሮ እንደ ተጨበጠ ነው።

«እጅህን ክፈት።»

እንደ ልጅ ቀስ ብሎ ከፈተ። ብሎኗ የምስር ክክ ብታክል ነው። ጨብጧት ከመቆየቱ የተነሳ መዳፉ ላይ ቀይ ምልክት ትታለች።

«ይቺ ከሌለች ፎቶ አይነሳም» አለ መሬት እያየ። «ፎቶው ካልተነሳ ሥራው አያልቅም። አንቺ ደግሞ ሥራ ጥለሽ አትሄጂም።»

ሥራ ጥዬ አልሄድም ያለችው እኮ ባልዲው ብቅ ከማለቱ በፊት ነው። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት፤ መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሁሉን ሰምተሃል።»

«ከ‹እትዬ ደክሞኛል› ጀምሮ። ባልዲውን ይዤ ከግድግዳው ጀርባ ቆሜ ነበር።»

«ታዲያ ይሄ መኪና ምንድን ነው? ማንን ልታታልል ነው?»

«ማንንም። የምትፈቺው መኪናው ቢሆንልኝ ብዬ ነው።» አሁንም ቀና አላለም። «ቃሉ እንደሆነ ለሁለቱም ይሆናል። ቀድሜ መኪናውን ከፈታሁት ምናልባት ለእኔ አይተርፍም አልኩ። የሞኝ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ፈትቼ ስጨርስ ደግሞ ፈራሁ።»

ወረደች። በእያንዳንዱ እርከን ላይ እያረፈች ወረደችና ታችኛው ላይ ተቀመጠች። ይህ ሰው ይሰማል። ይህ ሰው ከግድግዳ ጀርባ ቆሞ ቃል በቃል ይይዛል። እንግዲያው አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ባትጠይቀው ወደደች፣ ግን ጠየቀችው።

«ያን ማክሰኞስ?»

ብሎኗን በሁለት ጣቱ ያሽከረክራታል።

«ሰምቼሽ ነበር» አለ። «ሦስቱንም ጊዜ።»

«‹መቼ ነገርሽኝ?› አላልክም?»

«ብያለሁ። ዋሽቼ ነው። ሰው ሲከፈት… እኔ ብረት ነው የማውቀው። ብረት ሲፈታ ቢሰበር ሌላ ይገዛለታል። አንቺን ይፈቱሻል ብዬ ሳስብ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አልሰማሁም ብል ነገሩ የሌለ መሰለኝ። ባትሪ ያዢ ያልኩሽም ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው። ራዲዮው ባትሪ ነበረው።»

ቁጣው ያኔ መጣ። ለመሰላል ቆጥባው የነበረው ጉልበት ሁሉ ወደ አፏ ወጣ።

«አንድ ዓመት የቻልኩህ እኮ አልሰማኸኝም ብዬ ነው! ደንቆሮ ነው፣ ምን ያድርግ እያልኩ! ሰምተህ ነው ብቻዬን የላክኸኝ? ደንቆሮ ባል ይሻለኝ ነበር፤ ይሄ ምን ይባላል?»

«ፈሪ ነው የሚባለው» አለ።

በሩ ተንኳኳ። መምህሩ ነው፤ ዛሬ ሌላ ጉዳይ ኖሮት ነው መሰል በጊዜ መጥቷል። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ፈቺው መዳፉን ዘርግቶ ብሎኗን ወደ እሷ አቀረበ። አሁን ነገሩ ቀላል ነበር፤ ብሎኗን ከመርፌዋ ጎን ማስቀመጥ፣ አንድ ጊዜ መውጣት፣ አንድ ጊዜ መጫን። ቦርሳው አልጋ ሥር ነው። እህቷ ምሳ ሠርታ ትጠብቃለች። እሱም አይከለክላትም፤ ፊቱ ላይ ይታያል።

ብሎኗን አነሳች። አየቻት። ከዚያ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።

«ሰኞ ይምጣ በለው።»

«ምን ሆነ ልበለው?»

«አንድ ዕቃ ጎድሏል በለው። ውሸት አይደለም።»

ሄዶ ነገረው። በሥራው አንድ ቀን አሳልፎ የማያውቅ ሰው «አልደረሰም፣ ይቅርታ» ሲል ከሳሎን ሰማችው። መምህሩ «ምነው በደህና?» ሲልም ሰማች፤ ባሏ ሲመልስ ግን አልሰማችም። ተመልሶ መጥቶ መሃል ወለል ላይ ቆመ። እጁ ባዶ ነው፤ ምን እንደሚያደርገው አያውቅም።

«ተቀመጥ» አለችው። ከግድግዳው የተለጠፈው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ልፍታህ አልፍታህ አላውቅም» አለች። «ከሐሙስ ይልቅ ዛሬ ብሶብኛል፣ ይህን እወቅ። ግን ደክሞኛል፤ ደክሞኝ ምንም አልወስንም። እስከ ሰኞ የሰማኸኝን ትነግረኛለህ። ሦስቱንም ጊዜ። አንድም ሳትዘል።»

«ከየት ልጀምር?»

«ከመጀመሪያው።»

አሰበ። ከንፈሩን ላሰ። ዝርዝር ሳይዝ ማውራት እንደማያውቅበት ያስታውቅበታል፤ እሷም አላገዘችውም፣ እግሯን ዘርግታ ጠበቀችው።

«የመጀመሪያው ለት አንሶላ እያጣጠፍሽ ነበር» አለ። «ሰማያዊውን። ጫፉን ያዝልኝ ብለሽኝ ያዝኩልሽ። ስንቀራረብ፣ አንሶላውን ልትቀበዪኝ ስትዪ፣ ያኔ ነው የነገርሽኝ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የነገርሽኝ።»

አንሶላውን እሷ ረስታው ነበር። ዓይኗን መጨፈኗንም አታውቅም።

«እሺ» አለች፤ «ከዚያስ?»